74 ፋይል ለአንድ የዶሮ ወጥ ገጽ፦ ላዋህዳቸው ወይስ ልቀንሳቸው?

ድልህ | ሰኞ፣ 2፡40 ማታ

ሰላም ለዚህ ቤት። ብዙ ጊዜ እያነበብኩ ነው የምሄደው፤ ዛሬ ግን ቸግሮኝ መጣሁ።

የአማርኛ የምግብ አሰራር ድረ ገጽ አለኝ። በዎርድፕረስ፣ ማለትም በተዘጋጀ የድረ ገጽ መስሪያ ነው የሰራሁት፤ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። ግማሾቹ አንባቢዎቼ አገር ቤት ያሉ ናቸው። የቀሩት በብዛት ሳውዲ፣ ኤምሬትስና ሊባኖስ የሚሰሩ እህቶች ናቸው። ባለፈው ሳምንት አንዷ ከሪያድ ጻፈችልኝ። "እህቴ፣ የድፎ ዳቦው ገጽ ነጭ ሆኖ ሲያስጠብቀኝ ማዳም ትጠራኛለች። ሳላየው ዘግቼው እሄዳለሁ" ትላለች። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ።

ስልኬ ላይ ዋይፋዩን አጥፍቼ በዳታ ሞከርኩት። ቤት ውስጥ በዋይፋይ ደህና ስለሚከፈት ልብ ሳልለው ቆይቻለሁ። በዳታ 11 ሰከንድ ነጭ ሆኖ ቆየ። ከዚያ ላፕቶፑ ላይ ኤፍ12 ተጫንኩና ኔትወርክ የሚለውን ከፈትኩ። ለአንድ የዶሮ ወጥ ገጽ 74 ፋይል ይወርዳል! ዋናው ገጽ አንድ፣ ሲኤስኤስ (የገጹን መልክ የሚወስነው) 19፣ ጃቫስክሪፕት (ሜኑን የመሳሰለውን የሚያንቀሳቅሰው ኮድ) 27፣ ፎንት (የፊደሎቹ ቅርጽ) 3፣ ምስል 24።

አንድ ጓደኛዬ "ፋይሎቹን የሚያዋህድ ፕለጊን፣ ማለትም ተጨማሪ መሣሪያ ጫኚ፣ ይገላግልሻል" አለኝ። ጫንኩ፤ ያሉትን ምርጫዎች በሙሉ አበራሁ። ሲኤስኤሱ አንድ ፋይል ሆነ፣ ጃቫስክሪፕቱም አንድ። ፎንቶቹ ጭራሽ ከዝርዝሩ ጠፉ። ቁጥሩ ከ74 ወደ 27 ወረደ። ደስ ብሎኝ ስልኬን ሳነሳ ሜኑው አልከፈት አለ። ነጩ ገጽ ደግሞ አሁንም 10 ሰከንድ አካባቢ ይቆያል።

ማዋሃድ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም? የሚያውቅ ሰው በግልጽ ቋንቋ ቢያስረዳኝ።


ሽቦ | ሰኞ፣ 3፡25 ማታ

ድልህ፣ እንኳን መጣሽ። ይጠቅማል። ለምን እንደሚጠቅም ካወቅሽ መቼ እንደማይጠቅምም ታውቂያለሽ፤ ስለዚህ ትንሽ ልዘርዝረው።

የኛ አገር ድረ ገጾች ብዙዎቹ አውሮፓ ወይም አሜሪካ ነው የሚቀመጡት። ያንቺ ጀርመን ነው እንበል። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር ከ5,000 ኪሎሜትር ይበልጣል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ ሄዶ ለመመለስ ብቻ ከ50 ሚሊሰከንድ በታች አይሆንም። ገመዱ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ወደ ባሕር ወርዶ፣ ዞሮ ነው የሚደርሰው። የስልክ ማማውም የራሱን ይጨምራል። ሒሳቡ እንዲቀል አንድ ደርሶ መልስ 200 ሚሊሰከንድ እንበለው።

አሁን ቁጠሪ። የድረ ገጽሽን ስም ወደ አድራሻ ለመቀየር አንድ ደርሶ መልስ። ገጹ ከተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ ከሰርቨሩ ጋር ግንኙነት ለመክፈት አንድ። ለደህንነቱ፣ ማለትም ለኤችቲቲፒኤሱ፣ በድሮው የምስጠራ ደንብ በቲኤልኤስ 1.2 ሁለት፣ በአዲሱ 1.3 አንድ። ከዚያ ገጹን ለመጠየቅ አንድ። አንድ ፊደል ሳይመጣ ከ800 ሚሊሰከንድ እስከ 1 ሰከንድ አለቀ።

ገጹ መጣ። ውስጡ ግን "ገና 46 የሲኤስኤስና የጃቫስክሪፕት ፋይል አምጣ" ይላል። በኤችቲቲፒ/1.1፣ ማለትም ብራውዘርና ሰርቨር በሚነጋገሩበት የቆየ ደንብ፣ አንድ ግንኙነት በአንድ ጊዜ የሚያመጣው አንድ ፋይል ነው። ክሮምም ፋየርፎክስም ለአንድ ዶሜን (ለአንድ የድረ ገጽ ስም) በአንድ ጊዜ የሚከፍቱት 6 ግንኙነት ነው። 46ን ለ6 ብታካፍዪው 8 ዙር ነው። 8 ዙር በ200 ሚሊሰከንድ 1.6 ሰከንድ። ይህ የመንገዱ ብቻ ነው፤ የፋይሎቹ ክብደት ገና አልተቆጠረም።

ለሽንኩርት አንዴ፣ ለዘይት አንዴ፣ ለበርበሬ አንዴ ከገርጂ መርካቶ ብትመላለሺ ቀኑ ታክሲ ውስጥ ያልቃል። የጨረሰሽ መንገዱ እንጂ ዕቃው አይደለም። ማዋሃድ ማለት በአንድ ጉዞ፣ በአንድ ዘንቢል መግዛት ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። በፈረንጆቹ 2004 ዴቭ ሺ ትንንሽ ምስሎችን በአንድ ትልቅ ምስል ላይ ደርድሮ እያንዳንዷን በሲኤስኤስ ቆርጦ የማሳየትን ዘዴ ጻፈ፤ ስፕራይት የሚባለው ነው። ያሁ ውስጥ ይሰራ የነበረው ስቲቭ ሳውደርስ በ2007 ገጽ የማፍጠኛ ደንቦቹን ሲያወጣ የመጀመሪያው "የጥያቄዎችን ቁጥር ቀንስ" የሚል ነበር። ጉግል ደግሞ በ2010 ሰርቨሩ ራሱ ፋይሎቹን እንዲያዋህድ የሚያደርግ፣ አፓቼ በሚባለው የሰርቨር ሶፍትዌር ላይ የሚጨመር ሞጁል አወጣ።


ፍሬን | ሰኞ፣ 4፡10 ማታ

ሽቦ፣ ያልከው ልክ ነው፤ ግን የ2007 ልክ ነው።

የዚያው ደንብ ተተኪ ኤችቲቲፒ/2 በግንቦት 2015 ጸደቀ፤ ሁሉንም ቀን የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው። እሱ ላይ አንድ ግንኙነት ብቻ ተከፍቶ መቶ ፋይል ጎን ለጎን ይጓዝበታል። 6 የሚባል ወረፋ የለም። ስምንቱ ዙር ቀረ ማለት ነው። ድሮ ወረፋውን ለማለፍ ሲባል ፋይሎችን በተለያየ ንዑስ ዶሜን መበተን ነበር፤ እሱ ዛሬ ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም።

ማዋሃድ ደግሞ ዕዳ አለው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። 27 ጃቫስክሪፕት አንድ 400 ኪሎባይት ፋይል ሆነ እንበል። ነገ ከአንዱ ውስጥ አንድ መስመር ቀየርሽ። ፋይሎቹ ተለያይተው ቢሆን አንባቢዋ ያቺን 12 ኪሎባይት ብቻ ታወርዳለች፤ ሌላው ስልኳ ውስጥ ካሽ ተደርጎ፣ ማለትም ለሌላ ጊዜ ተቀምጦ አለ። ተዋህደው ከሆነ ግን 400ውን እንደገና ትከፍላለች። በሜጋባይት ቆጥረው ዳታ ለሚገዙ እህቶች ይህ እውነተኛ ብር ነው።

ሌላም አለ። የዶሮ ወጥ ገጽ የሚያስፈልገው ከዚያ ፋይል ሩቡን ይሆናል። የቀረው ለሌላ ገጽ የተጻፈ ነው። እሱንም ተሸክማ ትሄዳለች።

ስለዚህ ፕለጊኑን አጥፊው። ኤችቲቲፒ/2 ይበቃሻል።


ቡና በጠዋት | ማክሰኞ፣ 1፡05 ጠዋት

ጄኳሪን፣ ያንን ብዙ ፕለጊኖች የሚጠቀሙበትን የጃቫስክሪፕት ፋይል፣ ለምን ከሰርቨርሽ ታወርጃለሽ? ከጉግል ሲዲኤን (የፋይል ማከፋፈያ) አምጪው። ሰው ሁሉ ሌላ ድረ ገጽ ላይ አውርዶታል፤ ስልኩ ውስጥ አለ። አንድ ፋይል በነጻ ቀነስሽ ማለት ነው።


ዱባይ ማታ | ማክሰኞ፣ 1፡50 ጠዋት

ቡና፣ ይህ ድሮ ይሰራ ነበር። አሁን አይሰራም። ብራውዘሮች ካሹን በየድረ ገጹ ለያይተውታል። ሳፋሪ ቀድሞ ጀመረው፣ ክሮም በ2020 ከ86ኛው እትም፣ ፋየርፎክስ በ2021 ከ85ኛው እትም ጀምሮ። ሌላ ድረ ገጽ ላይ ያወረድሽው ጄኳሪ ለድልህ ገጽ አያገለግልም፤ እንደ አዲስ ይወርዳል። እንዲያውም አዲስ ዶሜን ስለሆነ ስም ፍለጋው፣ ግንኙነቱ፣ ደህንነቱ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ሽቦ የቆጠራቸው ደርሶ መልሶች በሙሉ ማለት ነው። ከራሷ ሰርቨር ቢመጣ ይሻላል።

ፍሬን፣ አንተም ትንሽ ቸኩለሃል። ሰርቨሯ ኤችቲቲፒ/2 ይናገር አይናገር ማን ነገረህ?


ፍሬን | ማክሰኞ፣ 2፡15 ጠዋት

እውነት ነው፣ መጠየቅ ነበረብኝ። ድልህ፣ ኔትወርክ የሚለው ጋ የዝርዝሩን ራስጌ በቀኝ ጠቅ አድርጊና ፕሮቶኮል የሚለውን ዓምድ አብሪ። ኤች2 ይላል ወይስ ኤችቲቲፒ/1.1?


ድልህ | ማክሰኞ፣ 6፡30 ቀን

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አየሁት። ከላይ እስከ ታች ኤችቲቲፒ/1.1 ነው የሚለው። አንድም ኤች2 የለም። ግን ቁልፉ ምልክት አለ፣ ኤችቲቲፒኤስ ነው። ብራውዘሮች ኤችቲቲፒ/2ን የሚቀበሉት በኤችቲቲፒኤስ ላይ ብቻ ነው ሲባል አንብቤ ስለነበር ያለኝ መስሎኝ ነበር።

ገጹን ለሚያስቀምጥልኝ ድርጅት፣ ለሆስቲንጉ ጻፍኩላቸው። "ያሉበት ሰርቨር አፓቼ በፕሪፎርክ ስለሚሄድ አይቻልም" አሉኝ። ምን ማለት ነው?


ፍሬን | ማክሰኞ፣ 7፡00 ቀን

አፓቼ ጥያቄዎችን የሚያስተናግድበት ከአንድ በላይ መንገድ አለው። ፕሪፎርክ የጥንቱ ነው፤ ለአንድ ግንኙነት አንድ ሙሉ ፕሮሰስ ይመድባል። ፒኤችፒን (ዎርድፕረስ የተጻፈበትን ቋንቋ) በድሮው መንገድ የሚያስኬዱ ብዙ ሰርቨሮች እሱ ላይ ናቸው። አፓቼ ደግሞ በ2017 ከወጣው 2.4.27 ጀምሮ በፕሪፎርክ ላይ ኤችቲቲፒ/2 አይሰጥም። የነገሩሽ እውነት ነው። ኤቨንት በሚባለው የሚሄድ፣ ፒኤችፒውንም በኤፍፒኤም የሚያስኬድ አዲስ ሰርቨር ካላቸው አዛውሩኝ በያቸው። ይህ ያንቺ መብት ነው፤ ሳትሰለቺ ጠይቂ።

እስከዚያው ሽቦ ትክክል ነው። በ1.1 ላይ ከሆንሽ ማዋሃድ መድኃኒት ነው። ትናንት ያልኩትን አነሳለሁ።


ሽቦ | ማክሰኞ፣ 7፡20 ቀን

እኔ ግን አሁን አንድ ነገር አልገባኝም። በ1.1 ላይ ከ74 ወደ 27 ከወረደ ነጩ ገጽ በግልጽ መቀነስ ነበረበት። ከ11 ወደ 10 ብቻ? የሆነ ነገር እዚያ ውስጥ አለ። ድልህ፣ የተዋሃደው ሲኤስኤስ ስንት ኪሎባይት ነው?


ድልህ | ማክሰኞ፣ 7፡45 ቀን

1.1 ሜጋባይት ይላል። ብዙ ነው እንዴ?


ብራና | ማክሰኞ፣ 9፡10 ቀን

ልጄ ድልህ፣ ብዙ ነው። እጅግ ብዙ ነው።

የገጽሽን አድራሻ ከመገለጫሽ ላይ አግኝቼ ያንን ፋይል ከፈትኩት። መጀመሪያ ላይ የተለመደው ሲኤስኤስ ነው፤ ቀለም፣ ስፋት፣ ክፍተት። ወደ ታች ስወርድ ትርጉም የሌለው ፊደልና ቁጥር ያለ ባዶ ቦታ ተያይዞ ገጽ ከገጽ ይሄዳል። ሳንሸራትት ሳንሸራትት አላልቅ አለኝ። ገልብጬ ለካሁት። ከ1.1 ሜጋባይቱ 840 ኪሎባይቱ እሱ ነው። ፎንቶችሽ ናቸው። አልጠፉም፤ ፕለጊኑ ወደ ጽሑፍ ቀይሮ ሲኤስኤሱ ውስጥ ቀብሯቸዋል።

ይህ ቤዝ64 ይባላል። ሦስት ባይት የነበረውን በአራት ፊደል ይጽፈዋል። ሦስቱ የግዕዝ ፎንቶች በድምሩ 630 ኪሎባይት ነበሩ፤ በአራት ሦስተኛ ሲባዛ 840 ሆነ። ጂዚፕ የሚባለው መጭመቂያ በመንገድ ላይ ጭማሪውን አብዛኛውን መልሶ ይጨምቀዋል፤ ስለዚህ ዋናው በደል ክብደቱ ላይ አይደለም። ቦታው ላይ ነው። ብራውዘር በገጹ ራስጌ ላይ ያለ ሲኤስኤስ ተጠቃሎ ካልወረደ ገጹን አይስልም። ፎንት ግን ለብቻው ሲመጣ ገጹ ሊጠብቀው አይገደድም። ሲኤስኤሱ ውስጥ ፎንት ዲስፕሌይ የሚለው ትእዛዝ ስዋፕ ከተባለ ጽሑፉ ወዲያው በስልኩ ፎንት ይታያል፤ ያንቺ ፎንት ሲደርስ ይተካል። ፕለጊኑ የማይጠበቀውን ከሚጠበቀው ጋር አሰረው። ለዚህ ነው ፋይሉ ሲቀንስ ነጩ ገጽ ያልቀነሰው።

የኛ ጽሕፈት እዚህ ላይ የራሱ ነገር አለው። የላቲን ፊደል ብቻ የያዘ ፎንት ጥቂት አስር ኪሎባይት ሆኖ ያልፋል፤ ማንም ሲኤስኤስ ውስጥ ቢቀብረው ጉዳቱ አይታየውም። የኢትዮጵያ ፊደል ግን በዩኒኮድ፣ ማለትም በኮምፒውተር የፊደላት መዝገብ፣ ዋናው ክፍል ብቻ ከ350 በላይ ምልክት አለው። ይህን ዓይነት ፕለጊን የሚሰሩ ሰዎች በአማርኛ ገጽ ላይ ሞክረውት አያውቁም ብል አልተሳሳትኩም። እኛው ነን ማየት ያለብን።

ለመሆኑ ሦስት ፎንት ለምን አስፈለገሽ? አንድሮይድ ስልኮች ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ አብሯቸው አለ። ለንባብ ጥሩ ፎንት ነው። ለርዕሱ አንድ ያማረ ፎንት ያዢ፤ ለአካሉ ጽሑፍ የስልኩን ተጠቀሚ። ርዕስ ላይ የማትጽፊያቸውን ምልክቶች የሚያወጣ መሣሪያ አለ፤ የፎንት ሰብሴት ይባላል። የእንግሊዝኛውን፣ የአሃዙን፣ የማትነኪያቸውን ሆሄያት አውጥተሽ በዎፍ2፣ በተጨመቀው የድረ ገጽ ፎንት ዓይነት፣ ብታስቀምጪው ክብደቱ በእጅጉ ይወርዳል።


ድልህ | ማክሰኞ፣ 9፡40 ቀን

ጋሽ ብራና፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ቁጭ ብለው ያንን ሁሉ ስለለኩልኝ ምን ብዬ እንደማመሰግንዎ አላውቅም። ፎንቱን ዛሬ ማታ አወጣዋለሁ።

ሜኑውስ? ኮንሶሉ (ብራውዘሩ ስህተት የሚጽፍበት ቦታ) ላይ በቀይ "ፈንክሽን አይደለም" የሚል ስህተት አለ። ፕለጊኑን ሳጠፋው ስህተቱም ይጠፋል።


ሰሚኮለን | ማክሰኞ፣ 11፡30 ቀን

ይህንን ለኔ ተዉልኝ፤ ስሜንም ያወጣሁት በዚሁ በሽታ ነው።

ድልህዬ፣ ጃቫስክሪፕት አንዳንዴ በሰሚኮለን (;) ያልተዘጋ መስመርን ራሱ ይዘጋዋል፣ አንዳንዴ ደግሞ አይዘጋውም። አንድ ፋይል መጨረሻው ላይ ሰሚኮለን ሳይኖረው ለብቻው ሲሆን ችግር የለም፤ ፋይሉ ስላለቀ አለቀ። ስታዋህጂው ግን ቀጣዩ ፋይል ከሥሩ ይለጠፋል። ቀጣዩ በቅንፍ የሚጀምር ከሆነ ብራውዘሩ ሁለቱን አንድ ዓረፍተ ነገር አድርጎ ያነባቸዋል። "ያንን በፊት ያለውን ነገር እንደ ፈንክሽን፣ ማለትም ተጠርቶ እንደሚሰራ የኮድ ክፍል፣ ጥራው" የተባለ ይመስለዋል። ይጠራዋል። ፈንክሽን አይደለም። ይወድቃል።

ፋይልሽን አየሁት። 14ኛውና 15ኛው የሚገናኙበት ቦታ ልክ ይኸው ነው። 14ኛው የምስል ተንሸራታቹ ነው፤ ሳይዘጋ አልቋል። የሜኑው ከዚያ በታች 22ኛ ላይ ነው። ሜኑው ምንም አላጠፋም። ግን በአንድ ፋይል ውስጥ አንድ ቦታ ሲወድቅ ከሥሩ ያለው ሁሉ አይሄድም። ተለያይተው ቢሆን አንዱ ቢወድቅ እንኳ ሜኑው ይቀጥል ነበር። የተዋሃደ ጃቫስክሪፕት ዕጣው አንድ ነው።

ቅደም ተከተሉንም አደራ። ጄኳሪ ከሚጠቀሙበት ፋይሎች በፊት መምጣት አለበት። ሲኤስኤስም የራሱ አለው። ኢምፖርት የሚለው ትእዛዝ ፋይሉ አናት ላይ ካልሆነ አይቆጠርም፤ ስታዋህጂ ግን መሃል ይገባና ዝም ተብሎ ይታለፋል። የምስል አድራሻዎችም ከፋይሉ ቦታ አንጻር የተጻፉ ከሆኑ፣ ሲኤስኤሱ ወደ ሌላ ፎልደር ሲዛወር ይሳሳታሉ። እኔ አንድ ጊዜ የአንድ ትምህርት ቤት ድረ ገጽ ላይ ባንዲራው ጠፍቶ ግማሽ ቀን የፈለግኩት በዚህ ነው።

አሁን ግን ትልቁን ጥያቄ ልጠይቅሽ። የዶሮ ወጥ ገጽ ላይ ተንሸራታች አለ?


ድልህ | ማክሰኞ፣ 1፡15 ማታ

የለም። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ብቻ ነው ያለው።


ሰሚኮለን | ማክሰኞ፣ 1፡30 ማታ

እንግዲያው እዚያ ምን ይሰራል? ዝርዝሩን አንድ በአንድ ውረጂና እያንዳንዱን "አንተ ለዚህ ገጽ ምን ታደርጋለህ?" ብለሽ ጠይቂው። የመልእክት መላኪያ ቅጹ ፕለጊን ሁሉም ገጽ ላይ 2 ፋይል ይጥላል፤ ቅጹ ያለው ግን "ያግኙን" ላይ ብቻ ነው። የካርታው፣ የተንሸራታቹ፣ የኮከብ መስጫው እንደዚያው። ዎርድፕረስ ላይ ፋይልን ከተወሰነ ገጽ ላይ ማስቀረት ይቻላል፤ ኮድ መጻፍ ካልፈለግሽ ለዚሁ የተሰሩ ፕለጊኖች አሉ።

የማያስፈልግ ፋይል ቢዋሃድም አያስፈልግም። መጀመሪያ አውጪ፤ የተረፈውን ከዚያ አዋህጂ።


ዱባይ ማታ | ማክሰኞ፣ 2፡50 ማታ

ሰሚኮለን ያለችው ላይ አንድ ልጨምር፤ ወደፊት ኤችቲቲፒ/2 ስታገኚ "በቃ ሁሉንም ልበትን" እንዳትዪ።

ካን አካዳሚ በ2015 ይህንኑ ሞክረውት ነበር። ብዙ መቶ የጃቫስክሪፕት ፋይሎቻቸውን ሳያዋህዱ ለየብቻ ላኩ። ፍጥነት ጠብቀው ነበር፤ ዘገየ። አንዱ ምክንያት መጨመቁ ነው። ጂዚፕ የሚያተርፈው ተደጋጋሚ ነገር ሲያገኝ ነው። አንድ ትልቅ ፋይል ውስጥ ድግግሞሽ ብዙ ነው፤ መቶ ቁርጥራጭ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ከዜሮ ይጀምራል። ለኛ ደግሞ አማርኛ በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ የመጨመቁ ነገር ይበልጥ ይመለከተናል።

ሁለተኛው ሲግናል ነው። ኤችቲቲፒ/2 ሁሉንም በአንድ የቲሲፒ (ዳታን በትንንሽ ጥቅሎች የሚያጓጉዘው ደንብ) ግንኙነት ላይ ያስኬዳል። አንድ ጥቅል መንገድ ላይ ከጠፋ፣ እስኪደገም ሁሉም ፋይል ይቆማል። ጥሩ ኬብል ላይ አይታወቅም። አሳንሰር አጠገብ ያለ የሠራተኛ ክፍል ውስጥ ግን ይታወቃል። ይህን የፈታው በሰኔ 2022 የጸደቀው ኤችቲቲፒ/3 ነው፤ በቲሲፒ ፋንታ ኩዊክ የሚባለውን ስለሚጠቀም አንዱ ፋይል ሲደናቀፍ ሌላው ይቀጥላል። ሆስቲንጉ ካለው እሱንም ጠይቂ።

እኔ የምሰራው እንዲህ ነው። ለሁሉም ገጽ የሚያስፈልገው አንድ ሲኤስኤስ፣ አንድ ጃቫስክሪፕት። ለገጹ ዓይነት ብቻ የሚያስፈልገው ሌላ አንድ አንድ። ገጹ ሲከፈት መጀመሪያ ለሚታየው ክፍል የሚበቃው ትንሽ ሲኤስኤስ ደግሞ እዚያው ገጹ ውስጥ ይጻፋል። ቲሲፒ በመጀመሪያው ዙር የሚልከው 10 ጥቅል ነው፤ 14 ኪሎባይት ገደማ። ገጹ ከዚያ ትንሽ ሲኤስኤስ ጋር ተጨምቆ እዚያ ውስጥ ከገባ ለመሳል ሁለተኛ ዙር አያስፈልገውም።


ፍሬን | ማክሰኞ፣ 3፡05 ማታ

በዚህ እስማማለሁ። ካሹም አይጎዳም። የጋራው ፋይል በወር አንዴ ይቀየራል፤ የገጹ የፈለገውን ያህል ቢቀየር ትንሽ ነው።


ድልህ | ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ 10፡00 ቀን

ጠፋሁ አይደል? እየሰራሁ ነበር። በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፤ ለሌላ ሰውም ይጠቅም ይሆናል።

መጀመሪያ የሚያዋህደውን ፕለጊን አጠፋሁ። ከዚያ ሰሚኮለን እንዳለችው ዝርዝሩን እያንዳንዱን ጠየቅኩ። አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጀብኝ። 27ቱ ጃቫስክሪፕት 8 ሆነ። 19ኙ ሲኤስኤስ 7 ሆነ። ይህ ሁሉ ገና ምንም ሳላዋህድ ነው። አንዱ ፋይል የዛሬ ሦስት ዓመት ያጠፋሁት መስሎኝ የነበረ የበረዶ ማዝነቢያ ነበር፤ ለገና ያስገባሁት። ያ ሁሉ አንባቢ ሦስት ዓመት ሲያወርደው ኖሯል፤ በጣም አዘንኩ።

ፎንቱን ጋሽ ብራና እንዳሉት አደረግኩ። አካሉ በስልኩ ፎንት፣ ርዕሱ በአንድ የተቀነሰ ፎንት፣ በስዋፕ። ርዕሱ ሲከፈት ለቅጽበት በአንዱ ታይቶ ወደ ሌላው ይቀየራል። መጀመሪያ ዓይኔን ረብሾኝ ነበር፤ ከነጭ ገጽ ግን ስንት እጅ ይሻላል።

ከዚያ በዱባይ ማታ አሰራር አዋሃድኩ። 2 ሲኤስኤስ፣ 2 ጃቫስክሪፕት፣ ጃቫስክሪፕቶቹን በዲፈር፤ ማለትም ገጹ ተነቦ ካለቀ በኋላ እንዲሄዱ። ከሥር ያሉት ምስሎች አንባቢዋ ወደ ታች ስትወርድ ብቻ እንዲመጡ አደረግኩ። በመጨረሻ ሆስቲንጉ ወደ አዲሱ ሰርቨር አዛወረኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ከጻፍኩላቸው በኋላ ነው። አሁን ዓምዱ ላይ ኤች2 ይላል።

በዚያው ስልክ፣ በዚያው ዳታ፣ እዚያው ሳሎኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ ለካሁት። ከ11 ሰከንድ ወደ 2 ሰከንድ ተኩል። ከዚያ ውስጥ ትልቁን የቀነሰው ፎንቱን ማውጣቴ ነው። ቀጥሎ የማያስፈልጉትን ማስቀረቴ። ማዋሃዱ ሦስተኛ ነው። መጥቀሙንስ ጠቅሟል፤ ስጀምር ግን ሁሉ ነገር እሱ መስሎኝ ነበር።

አንድ ችግር ቀርቶኛል። ቀለሙን ትንሽ አስተካክዬ ነበር፤ አንዳንድ ሰው ጋ የድሮው ይታያል። ካሽ አጥፉ ብዬ ለሁሉ መጻፍ አልችልም።


ሰሚኮለን | እሑድ፣ 11፡15 ቀን

እልል! 2 ሰከንድ ተኩል!

ስለ ካሹ፣ የፋይሉን ስም ቀይሪው። ይዘቱ ሲቀየር ስሙ አብሮ እንዲቀየር አድርጊ፤ ስሙ ውስጥ ከይዘቱ የተሰላ አጭር የፊደልና የቁጥር ምልክት የሚያስገቡ መሣሪያዎች አሉ። ከዚያ ሰርቨሩ ለብራውዘሮች "ይህን ፋይል አንድ ዓመት አስቀምጡት" እንዲል እዘዢው። ስሙ ካልተቀየረ ስልኩ ምንም ሳይጠይቅ ያለውን ይጠቀማል። ስሙ ከተቀየረ አዲስ ፋይል ነው፤ ያወርደዋል። ዋናውን ገጽ ብቻ ለረጅም ጊዜ እንዳታስቀምጪው፤ አዲሱን ስም የሚናገረው እሱ ነው።


ድልህ | ሰኞ፣ 3፡30 ማታ

ሠራ። ስሙን ቀየርኩት፤ አዲሱ ቀለም ሁሉም ጋ መጣ።

ለሪያዷ እህቴ ትናንት "እስቲ አሁን ሞክሪው" ብዬ ጽፌላት ነበር። ዛሬ ፎቶ ላከችልኝ። ድፎ ዳቦ ነው። ኮባ ስላላገኘች በፎይል ነው የጋገረችው፤ ላዩ ትንሽ ጠቁሯል፣ ግን ተነፍቶ ቆንጆ ሆኗል። ከሥሩ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ "ገጹ ወዲያው ይከፈታል። ኩሽና ስገባ ግን ሲግናል የለም፤ ስልኩ ሲቆለፍና ስከፍተው ይጠፋብኛል። ሳይጠፋ እንዲቆይ ማድረግ ይቻላል?"

ይቻላል እንዴ?


ሰሚኮለን | ሰኞ፣ 3፡42 ማታ

ይቻላል። ሰርቪስ ወርከር ይባላል። አንዴ የተከፈተ ገጽ ያለ ኔትወርክም እንዲከፈት ያደርጋል። ረዘም ስለሚል አዲስ ክር ክፈቺለት፤ ዛሬ ማታ አለሁ።